የደሴ ማታ ገበያ ሙዚቃ ይሆናል ወይ? ባለ 34 መልሱ ሙግት

ይህ ኢንተርኔት ላይ ስለተከፈተ አንድ የውይይት ክር ነው፤ የከፈተው ልጅ ጥያቄ ቀላል ይመስል ነበር። ደሴ ውስጥ ከፒያሳ እስከ ሙጋድ ማታ ማታ መንገድ ዳር የሚዘረጋውን ገበያ በስልኩ ቀድቷል። ሊስትሮው ሳጥኑን በብሩሽ ሲመታ፣ ሳምቡሳው የጋለ ዘይት ውስጥ ሲወርድ፣ ባጃጁ ሲንተከተክ፣ ሳልቫጅ የምትሸጠው ልጅ ዋጋ ስትጠራ፣ ረዳቱ መንገደኛ ሲጣራ። ይህን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ቆራርጦ፣ ከስር ምት አስገብቶ ሙዚቃ ሊያደርገው ነው። የቸገረው ቅኝቱ ነው። የጥብስ በቆሎ ሻጯ ጥሪ ለእሱ ጆሮ አምባሰል የሚባለው ቅኝት ነው። ስለዚህ የቀረውንም ድምፅ በፕሮግራም እየሳብኩ አምባሰል ውስጥ ባስገባው ምን ትላላችሁ ሲል ጠየቀ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ወሎዬ ሲጣራም በአምባሰል ነው ብሎ አከለበት። ይቺ ባትጨመር ክሩ በ5 መልስ ያልቅ ነበር። 34 ደረሰ፤ በየመልሱ ስር የተጻፈውን አጫጭሩን ሳልቆጥር።

1ኛው ማሻአላህ ብሎ አለፈ። 2ኛው በርታ አለው። 3ኛዋ ድምፁ የታለ፣ ሳንሰማ ምን እንበል ስትል ጠየቀች። ልጁም የአንድ ደቂቃ ቅንጭብ ለቀቀ።

4ኛው ሰምቶ ቅር አለው። ቆራሌው ያልገባበት የከተማ ሙዚቃ ሙዚቃ አይደለም ባይ ነው። 5ኛው ወዲያው አረመው። ቆራሌውም ልዋጩም የቀን ሰዎች ናቸው፤ የሚዞሩት ቤት ለቤት ነው፤ በዚያ ሰዓት ቆርቆሮ ፍለጋ በር የሚያንኳኳ ሰው ሌላ ነገር ነው የሚባለው አለ። 6ኛው ከሁለቱም ወጣ ብሎ ላሊበሎችን አነሳ። እነሱ ሌሊቱ ሳይነጋ ደጅ ላይ ቆመው ያዜማሉ፣ የቤቱን ባለቤት ስም ጠርተው ያወድሳሉ፣ ምፅዋት ተቀብለው ይሄዳሉ። ከተማ ውስጥ ድምፅን ሙዚቃ ያደረጉት እነሱ ናቸው፣ አንተ አይደለህም ለማለት ነው። ነጥቡ ጥሩ ነበር፤ የሚመልስለት ግን አላገኘም።

የክሩ መልክ የተለወጠው 7ኛው ሲመጣ ነው። የታክሲ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። አሁን ሥራ ቀይሯል፤ ጉሮሮው ግን እስካሁን እንዳልዳነ ይናገራል። እሱ እንደሚለው ጥሪ ጩኸት አይደለም። ሁለት ረዳቶች አንድ ቦታ ላይ ቆመው እኩል ቢጮሁ ሁለቱም አይሰሙም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሌላውን ክፍተት ይፈልጋል። አንዱ ወፈር ካደረገ ሌላው ያቀጥናል። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይገባል። ማንም አላስተማራቸውም፤ ተሳፋሪ ያስተምራል። ከዚያ ምሳሌ ሰጠ። ወደ ፒያሳ የሚጭነው በአንድ ትንፋሽ ሁለቴ ነው የሚጠራው፤ ፒያሳ ፒያሳ። ወደ ሆጤ የሚጭነው ሦስቴ፤ ሆጤ ሆጤ ሆጤ።

8ኛው ታዲያ ምን ይጠበስ ዓይነት መልስ ሰጠ። ደግነቱ 9ኛው ሰርግ ላይ ከበሮ የሚመታ ሰው ነበር። ቁጭ ብሎ ቆጠረው። ፒያሳ ሦስት ፊደል ነው፤ ሁለቴ ሲጠራ ስድስት። ሆጤ ሁለት ፊደል ነው፤ ሦስቴ ሲጠራ እሱም ስድስት። ሁለቱ ረዳቶች ጎን ለጎን ቆመው በአንድ ፍጥነት ከጠሩ ያው ስድስት ምት በአንዱ አፍ ለሁለት፣ በሌላው አፍ ለሦስት ይከፈላል። ይህ ደግሞ ችክችካ የሚባለው ምት ነው። እስክስታ ስንመታ አንዱ ጆሯችን ሁለት፣ ሌላው ሦስት የሚሰማው በዚህ ነው አለ። ቀኝ እጃችሁን በፒያሳ፣ ግራ እጃችሁን በሆጤ ጠረጴዛ ላይ ሞክሩት ሲልም ጋበዘ። ከ10 እስከ 12 ያሉት መልሶች የጠረጴዛ ደብዳቢዎች ናቸው። አንዷ ሕፃን ልጇን ቀሰቀሰችበት። እኔም ሞክሬ ግራ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።

ለእኔ የክሩ ዋና ነገር እዚህ ላይ ነበር። ልጁ ከስር ምት ላስገባ ሲል ምቱ ከላይ ተቀምጦለት ነበር። ማንም ግን በቀጥታ አልነገረውም። ወሬው ወደ አየር ንብረት ሄደ።

13ኛው ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ የሰው ድምፅ ይቀጥናል አለ። በልበ ሙሉነት ነው የጻፈው። 14ኛው የፊዚክስ መምህር ሳይሆን አይቀርም፤ በትህትና ጀምሮ ትንሽ ጠንከር አለ። የድምፅ ፍጥነት የሚለወጠው በከፍታው ሳይሆን በሙቀቱ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ ወደ 343 ሜትር ይሄዳል፣ በ10 ዲግሪ ወደ 337 ዝቅ ይላል። የሻጯ ጉሮሮ ግን ያው ጉሮሮ ነው። ማታ የሚለወጠው ሌላ ነገር ነው ብሎ አስረዳ። ፀሐይ ስትጠልቅ መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል። ከመሬቱ አጠገብ ያለው አየር ከላይኛው የበለጠ ይበርዳል። ድምፅ ሞቅ ባለው አየር ስለሚፈጥን ወደ ላይ የወጣው ጎብጦ ተመልሶ ወደ ምድር ይወርዳል። ተዳፋት ላይ የሚኖር ሰው ቀን የማይሰማውን የገበያ ድምፅ ማታ አልጋው ውስጥ ሆኖ የሚሰማው ለዚህ ነው። 15ኛዋ ቤቷ ወደ ጦሳ ተራራ ጥግ ነው፤ ማታ ማታ የሳልቫጁን ዋጋ ሳትወጣ እንደምታውቅ መሰከረች። ዋጋው ሲወርድ ነው የምትወርደው።

16ኛው ወደ ቅኝቱ መለሰን። ክራር ያስተምራል። አጻጻፉ የተረጋጋ ነው፤ ነገሩ ግን ይቆርጣል። የበቆሎ ሻጯ ጥሪ ሦስት ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አምባሰል ሲደረደር ዶ፣ ሬ ቤሞል (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለው ሬ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል ነው። አንቺ ሆዬ የሚባለው ቅኝት ደግሞ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ናቸው። የሚለያዩት ከአራተኛው ጀምሮ ነው። አራተኛውን ድምፅ ያልነካች ሴት በአምባሰል ተጣራች ማለት አይቻልም፤ ያንተ ጆሮ ነው አምባሰሉን የጨረሰላት አለ። ወሎዬ ሁሉ በአምባሰል ይጣራል ለሚለው ደግሞ፣ ባቲ የሚባለው ቅኝትም የወሎ ስም ነው ያለው፣ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ የሚጮኸው ሰው በምን ሊጣራ ነው ብሎ ጠየቀ።

ከፋቹ ተናደደ። 17ኛው መልስ የእሱ ነው። አንተ ከመጽሐፍ ነው የምታወራው፣ እኔ ከመንገድ፤ ደግሞ ያንተ ዘመን ሰው ኮምፒውተር አያውቅም የሚል ይዘት ነበረው። እዚህ ላይ 18ኛዋ ገባች። የ16ኛው ተማሪ ነበረች። ለማን እንደሚጽፍ ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው። ሰውየው የሰባ ዓመት አባት ናቸው፤ በደርግ ጊዜ ኪነት ውስጥ የነበሩ፣ ላሊበላ የኪነት ቡድን ደሴ ላይ ሲያቀርብ ከመድረክ ጀርባ ክራር ሲያስተካክሉ ያደጉ። ልጁ በ19ኛው መልስ አንተን ትቶ እርስዎ ጀመረ። ይቅርታም ጠየቀ፤ ጋሼ አላቸው። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም። በ20ኛው ምክራቸውን ብቻ ቀጠሉ። ድምፅን በፕሮግራም ጎትቶ ፒያኖ ቁልፍ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ግን ሻጯ ጥሪዋን ስትጨርስ ድምፁን ትንሽ ታወርደዋለች፣ ሙያዋ እዚያ ጋ ነው፣ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የሚበላው እሱን ነው አሉ። ክራሩን ወደ እሷ አስተካክል እንጂ እሷን ወደ ክራሩ አታስተካክል። በዚህ አንደራደርም የሚል ቃና ነበረበት፤ እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ።

21ኛው ስለ ማይክራፎኑ አማረረ። ድሮ ሰው በጉሮሮው ነበር የሚጣራው። አሁን ሁሉም የእጅ ማጉያ ገዝቶ፣ አንዴ ቀድቶ፣ ጎኑ አስቀምጦ ስልኩን ይነካካል። መቶ ብር መቶ ብር ሲል ያመሻል። ነፍስ የለውም፣ ከሙዚቃህ አውጣው አለ። 22ኛዋ ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ሹሏ ነበረች። ራሷ መንገድ ዳር የልጆች ልብስ ትሸጣለች። በደሴ ብርድ ከመግሪብ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ጉሮሮውን ሰጥቶ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ አለች። እሷ ማጉያውን ከገዛች በኋላ ማታ ቤቷ ገብታ ለልጆቿ ማውራት ችላለች። የናንተ ነፍስ እንዲደሰት የእኔ ድምፅ ይዘጋ ማለት ነው ብላ ዘጋችው። 21ኛው ከዚያ በኋላ ክሩ ውስጥ አልታየም።

የእሷን መልስ ተከትሎ 23ኛው ያመጣው ሐሳብ ግን ማጉያውን ከውርደት አነሳው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ማጉያዎች ቅጂያቸው እኩል አይረዝምም። የአንዷ ጥሪ 4 ሰከንድ፣ የሌላኛው 5 ሰከንድ ከሆነ አብረው ቢነሱም ወዲያው ይለያያሉ። አንዱ አምስቴ፣ ሌላው አራቴ ዞሮ በየ20 ሰከንዱ ብቻ ይገናኛሉ። በመሃል ያለው ሁሉ አዲስ አሰላለፍ ነው። አሜሪካዊው ስቲቭ ራይክ በ1965 እ.ኤ.አ. የሠራው ይህንኑ ነው አለ። ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ላይ የሚሰብክ ሰው ድምፅ ቀድቶ፣ አንዱን ቅጂ በሁለት ቴፕ አጫውቶ፣ ቀስ በቀስ እንዲለያዩ ተዋቸው። እኛ ጋ ይኸው በየማታው በነፃ አለ።

ነፃ የምትለዋ ቃል ጠብ አመጣች። 24ኛው ሰባኪው ስንት ተከፈለው ሲል ጠየቀ። 25ኛዋ ለ22ኛዋ ወግና፣ የእሷ ጥሪ ዩቲዩብ ላይ ገንዘብ ቢያመጣ ለማን ነው የሚገባው አለች። 26ኛው ሕግ ጠቀሰ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ለሚባለው፣ እንደ ዘፋኝና ተዋናይ ላለው ሰው መብት ይሰጣል። የልብስ ዋጋ መጥራት ክወና ነው ወይ የሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ረጅም ተነታረኩ፤ ሁለቱም የሕግ ሰው አልነበሩም፤ እዘለዋለሁ። 22ኛዋ ራሷ መልሱን አሳጠረችው። መጀመሪያ ይጠይቀኝ፣ ከዚያ ልብስ ይግዛ። ልጁ እሺ አለ። ቁጥር ስንት እንደሚለብስ ታናሽ ወንድሙን ጠይቆ እንደሚመጣም ጻፈ።

27ኛው ጥሩ ታሪክ ይዞ መጣ። ይህ ሁሉ የፈረንጅ ፈጠራ አይደለም አለ። ሃሊም ኤልዳብ የሚባል ግብፃዊ በ1944 እ.ኤ.አ. ካይሮ ውስጥ የሽቦ መቅጃ ተውሶ የዛር ሥርዓት ቀዳ፤ ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ድምፁን እያስተጋባ እንደገና ሠራው። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር ከባቡር ድምፅ ሙዚቃ የሠራው በ1948 ነው፤ አራት ዓመት ዘግይቶ። እኛን የሚነካው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ኤልዳብ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል። በ1963 እ.ኤ.አ. ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ሲመሠረት ዋናው አንቀሳቃሽ እሱ ነበር። ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን አንድ መድረክ ላይ ያሰባሰበው ያ ቡድን ማለት ነው። መንገድ ላይ ድምፅ የለቀመ ሰው ነው የእኛን መሣሪያዎች አብረው እንዲጫወቱ ያቀናበረው። ይቺን ሳነብ ጋሼ ክራሩ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። ላይክ ብቻ አደረጉ።

ቀጥሎ ከባዱ መጣ። 28ኛው ቅንጭቡን ደግሞ ሰምቶታል። 40ኛው ሰከንድ ላይ የመግሪብ አዛን ይሰማል፤ ልጁም ከስሩ ከበሮ አስገብቶበታል። ወንድሜ፣ ክፉ አስበህ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን እዚያ ላይ ምት አይገባም፣ አውጣልኝ ብሎ ለመነው። 29ኛው ተቃወመ። ደሴን ደሴ ያደረጋት የሸዋበር አዛንና የመድኃኔዓለም ቅዳሴ በአንድ ሰማይ ስር መሰማታቸው ነው፣ ይህን ካወጣህ የቀረው የትም አገር ገበያ ነው አለ። ያነሳው ስሜት እውነት አለው። ግን 30ኛዋ በደንብ ለየችው። ከተማው ውስጥ መሰማቱና ከስሩ ከበሮ መግባቱ ሁለት ነገር ነው። አዛን የሶላት ጥሪ ነው፣ ማጀቢያ አይፈልግም። በድቤ ማወደስ የፈለገ ሰው መንዙማ አለው፤ ወሎ ለዚያ አታንስም። ከስሯ 31ኛው ዲያቆን ነኝ ብሎ ተፈረመ፤ እሷን ደግፎ። ያሬዳዊ ዜማም ግዕዝ፣ ዕዝል፣ አራራይ ተብሎ የራሱ ሥርዓት አለው፣ ጸናጽልና ከበሮው የሚገባበት ቦታም የታወቀ ነው፣ ማንም ከላዩ ሌላ ምት አይጭንበትም አለ። ሙስሊሟና ዲያቆኑ ተስማምተው 29ኛውን ብቻውን አስቀሩት። እሱም ቀልዶ ተሸነፈ፤ ይቺው ናት ደሴ ብሎ።

መፍትሔውን ያመጣችው ያቺው ልብስ ሻጯ ናት። አዛን ሲባል እሷና ጎረቤቶቿ ማጉያውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ክርስቲያኖቹም ጭምር። አንተም እንደዚያው አድርግ አለችው። ከበሮውን አውጣ፣ ገበያውን ዝቅ አድርግ፣ ሲያልቅ መልሰው። የሙዚቃ ትምህርት የሌላት ሴት ዕረፍት የት እንደሚገባ ነገረችው። ክሩ ውስጥ ካለው የቅንብር ሐሳብ ሁሉ እኔ ይህንን ነው የምመርጠው።

ዕረፍት ሲነሳ አንዲት ሴት ሌላ ጸጥታ አስታወሰች። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ፣ ጦርነቱ ከተማዋ ውስጥ በነበረበት ጊዜ፣ ማታ የሚሰማ ገበያ አልነበረም። መጀመሪያ የተመለሰው ባጃጅ ነበር ብላ ጻፈች። ከእሷ በታች ለብዙ ሰዓት ማንም አልጻፈም።

32ኛው ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ ክሩን ወደ ሥራ መለሰው። ቅጂው ሁሉ ውስጥ ከስር የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ልጁ ሊያጠፋው እየታገለ ነበር። አትድከም አለው። መስመራችን በሰከንድ 50 ጊዜ ነው የሚመላለሰው፤ ትራንስፎርመር ደግሞ በዚያ እጥፍ፣ በ100 ያጉረመርማል። ጋሼ ክራሩ ይህችን አልዘለሏትም። ሶል 98 ነው፣ ስለዚህ የመብራቱ ድምፅ ከሶል በጣም በትንሹ ከፍ ያለ ነው አሉ። ክራርህን እሱ ላይ ቃኘው፣ አታጥፋው፣ መደብህ እሱ ይሁን። አንዱ መብራት ሲጠፋስ ቢል ቤዝ ተጫዋቹ ሻይ ወጣ እንላለን ብለው መለሱ። ከእሳቸው ቀልድ አልጠበቅኩም ነበር።

የኮምቦልቻ ሰው እስከዚህ ዝም ማለቱ ገርሞኝ ነበር፤ 33ኛው ሆኖ ደረሰ። እናንተ በብርድ ሦስት ሰዓት ላይ ትዘጋላችሁ፣ እኛ ጋ በ1,850 ሜትር ሞቅ ባለ ማታ ገና መጀመሩ ነው፣ በዚያ ላይ ወደ ሚሌና ጅቡቲ የሚያልፈው ተሳቢ ፍሬኑን ሲተነፍስ የትኛውም የድራም ሲምባል አይደርስበትም አለ። ደሴዎች ተንጫጩበት። ያ ሙዚቃ ሳይሆን መናኸሪያ ነው ያለውም አለ። እኔ ግን የፍሬኑን ነገር ተቀብየዋለሁ። ከ7ኛው ረዳት ክፍተት ጋር ቢገናኝ ጥሩ ይሆናል።

34ኛው መልስ የልጁ ነው። አምባሰሉን ትቶታል፤ የፒያሳና የሆጤን ጥሪ ሳይቆርጥ እንዳለ መነሻ ሊያደርገው ነው። ለሚቀጥለው ቅጂ ምክር ጠየቀ። ስልኩ ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ እንዳያደርግ የሚከለክል የመቅጃ መተግበሪያ አውርድ፣ ስልኩን እንዳይደወልበት አድርገው፣ ማይኩ ላይ ለነፋስ ስስ ካልሲ አልብስ፣ ድምፁን በማይጨምቀው በዌቭ ፋይል ቅዳ ተባለ። ሁለት ስልክ አራርቀህ አስቀምጥና መጀመሪያ ላይ አንዴ አጨብጭብ፣ በኋላ ለማሰለፍ ይረዳሃል ያለውም ነበር። ቅዳሜ ማታ ሙጋድ እንገናኝ ብለው ስድስት ሰዎች ተስማሙ። ከዚያ አንዱ ሁለተኛ ስልክ የምትሸጡ ካላችሁ ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ስለ ስልክ ዋጋ ነው።